ጅብ ሁዳዴን ከማን ተማረ?

ጅብ ሁዳዴ መግባቱን ያውቃል። ካህን አላወጀለትም፣ ባሕረ ሐሳብ አልቆጠረም፣ ግድግዳው ላይ የባንክ ካላንደር አልሰቀለም። ግን ያውቃል። ለጨዋታ ማሳመሪያ የምለው እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ በጥናት የተያዘ ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብ ዓይነ ምድር ሲለቅሙ ከርመው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። (ከሥራ ሁሉ ክፉው የእኔ ነው የምትሉ ካላችሁ እነዚህን ሰዎች አስቡ።) ጅብ አጥንት ቢያደቅም ጠጉር አይሆንለትም፤ የዋጠው ጠጉር እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ ጾሙ በገባበት ቀን ለቀሙ፣ ባበቃበት ቀን ለቀሙ፣ ከዚያ 55 ቀን ቆይተው ደግሞ ለቀሙ። ከዚያ ጠጉሩ የማን እንደሆነ መለየት ነው። የአህያ ጠጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ የነበረው በጾሙ ወራት 33.1 ገባ፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ።

ምስጢሩ ሩቅ አይደለም። ሰው ሥጋ ሲተው ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ከየጓሮው የሚወረወረው አጥንትና አንጀት ይቀራል። ጅብ ደግሞ ሆዱን ሱባኤ አያስገባም፤ ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። እኛ በጾምን አህያ ተበላ ማለት ነው። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" የተባለውም በሁዳዴ ሳይሆን አይቀርም፤ በሌላው ወራትማ ባልየው ትንሽ ሳይሞክር አይቀርም ነበር።

ጥናቱ የተሠራው ከእኛ ከላሊበላ ወደ ሰሜን ነው። ቢሆንም የላስታ ጅብ ከዚያኛው በምን ያንሳል? ጾሙ ያው፣ አህያው ያው፣ ረኀቡም ያው ነው። ላሊበላ ላይ ሥጋ ቤት ደጅ የሚውሉ ውሾች እንኳ ረቡዕና ዓርብን ለይተው ሌላ ሰፈር እንደሚሰማሩ አንድ ሥጋ ሻጭ ምሎ ነግሮኛል። "ማክሰኞ ማታ ሳይሰናበተኝ የሚሄድ ውሻ የለም" ነው ያለኝ። የሥጋ ሻጭ ሚዛን መሆኑን አስቤ ግማሹን ብቀንስለትም የቀረው ግማሽ ይበቃኛል።

ከተማችን ከእንስሳ ዕውቀት ጋር የቆየ ዝምድና አላት። ሕፃኑ ላሊበላ ተወልዶ በተኛበት ንቦች ሳይነድፉት ከበቡት፣ እናቱም ይህን አይታ ንጉሥ እንደሚሆን ተናገረች ይላል የአባቶች ትረካ። ንቦቹ ከማንም ሳይማሩ አወቁ። እንዲህ ያለው ዕውቀት የተሰጠው ለንብና ለነቢይ ነው። ጅብ፣ ውሻ፣ እኔና እናንተ ግን የምንማረው ወይ በልተን ወይ ተበልተን ነው። ምክርማ ስንት ሰምተናል! ምክር በጆሮ ይገባል፤ ጠባይ ግን የሚለወጠው ከሠራነው ሥራ ኋላ በሚመጣው ነገር ነው። እሱም ቶሎ ከመጣ ነው፤ ከዘገየ ተማሪው ሌላ ትምህርት ቤት ገብቶ ይቆያል።

ይህን ፈረንጅ በቤተ ሙከራ ሲደርስበት ስም ያወጣለታል፤ ሽልማትም ይሰጣጣል። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመው ስለ ምግብ መፈጨት ባጠናው ነበር። ውሾቹ ግን ምግቡ ሳይቀርብ፣ የሚያበላቸው ሰው ኮቴ ሲሰማ፣ ምራቃቸው እየቀደመ ሥራ አበላሹበት። ቢያስተውለው ለካ ትልቁ ጉዳይ ምራቁ ኖሯል። ኮቴውን ትቶ ቋ ቋ የሚል የምት መቁጠሪያ እያሰማ ቢያበላቸው፣ ቆይቶ በቋ ቋው ብቻ ምራቃቸው ይወርድ ጀመር።

ሰውዬው ላስታ ተወልዶ ቢሆን ውሻም መቁጠሪያም ባላስፈለገው። በሁዳዴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ቅዳሴው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ አንድ ጥግ ቆሞ የምእመኑን ጉሮሮ ማየት ይበቃው ነበር። ደወል እንጀራ አይደለም፤ በየደብሩ ከገመድ የተንጠለጠለው የድንጋይ ደወልማ ጭራሽ ድንጋይ ነው። ግን ሲመታ የሽሮው መዓዛ ከነነጭ ሽንኩርቱ አፍንጫችን ሥር ይመጣል። ይህን ስል መንፈሳዊነታችንን መንካቴ አይደለም። ምራቅ ምእመን አይደለም ነው የምለው።

ፓቭሎቭ ደግሞ አንዱን ድምፅ የለመደ ውሻ እሱን ለሚመስለውም ምራቁን እንደሚያዝረበርብ አየ። የእኛ ሰው ይህን "እባብ ያየ በልጥ በረየ" ብሎ ከጨረሰው ቆይቷል። በሐምሌ 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ከደረሰ ወዲህ የላላ ቆርቆሮ በነፋስ ሲንኳኳ ቀና ሳይል ጨዋታውን የሚቀጥል ሰው ጥቂት ነው። ያንን ትምህርት ማንም ተመዝግቦ አልገባበትም፤ ሁላችንም ግን አለፍን። ልጥ ልጥ መሆኑን መልሶ መማር እባብን ከመማር እጥፍ ጊዜ ይወስዳል።

አሁን ወደ ሚያስቀው ልመለስ። በአብያተ ክርስቲያናቱ መንገድ ላይ የሚውሉ ልጆቻችንን የማያውቅ ጎብኚ የለም። "ሀሎ! ዌር አር ዩ ፍሮም?" ይላል ልጁ። ፈረንጁ ኖርዌይ ነኝ ሲል ልጁ "ኦስሎ!" ይላል። ፈረንጁ ይስቃል፣ እጁ ኪሱ ይገባል፣ እስክሪብቶ ይወጣል። ልጁ በአንድ ክረምት የዓለምን ዋና ከተሞች ጨረሰ። የጂኦግራፊ መምህሩ ዓመት ሙሉ ለፍተው ያላስያዙትን አንድ እስክሪብቶ አስያዘው። "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" ይባላል። እኔ ግን ተሸምጣጩም ትንሽ ይማራል ባይ ነኝ። እጁን ኪሱ የከተተ ሰው ማን እንዳስከተተው ቢያስብ ጥሩ ነው።

እስክሪብቶው ሲሰለች መዝገበ ቃላት መጣ። ልጁ ገንዘብ ቢሰጡት በትሕትና እንቢ ይላል፤ እሱ የሚፈልገው ለትምህርቱ መዝገበ ቃላት ብቻ ነው። ጎብኚው ልቡ ተነክቶ አብሮት ሱቅ ይገባል፣ ይገዛለታል፣ ተቃቅፈው ፎቶ ይነሳሉ። ማታ መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፤ ባለሱቁ የድርሻውን ይዞ ቀሪውን ለልጁ ይሰጣል። አንድ መዝገበ ቃላት ሳይገለጥ ስንት ጊዜ እንደተሸጠ ቢታወቅ ከደራሲዎቻችን ግማሹ በቅናት ይታመም ነበር። ኋላ የፈረንጅ የጉዞ መጻሕፍት ይህንን ጽፈው አስጠነቀቁ፤ ጎብኚው ተማረ። ልጆቹም ሳይውሉ ሳያድሩ ለሰፈር ቡድን የሚሆን ኳስ ወደ መጠየቅ ዞሩ። ጥናትና ምርምር ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ በጀት የለውም እንጂ።

እዚህ ላይ ቢ.ኤፍ. ስኪነር የሚባለውን አሜሪካዊ ሳላነሳ አላልፍም። በሣጥን ያሉ አይጦችና ርግቦች ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር እህል ከተሰጣቸው ይለምዳሉ፤ እህሉ ሲቀር ግን ቶሎ ተስፋ ቆርጠው ይተዋሉ። አንዳንዴ እየሰጠ አንዳንዴ ሲነፍጋቸውና መቼ እንደሚመጣ ሲጠፋባቸው ግን፣ እህሉ ጨርሶ ከቀረም በኋላ መጫኑን አይተዉትም። ሎተሪ አዟሪ ስኪነርን ሳያነብ በዚህ ሲተዳደር ኖሯል። ልጆቻችንም እንዲሁ። ከአሥር ፈረንጅ ዘጠኙ ፊቱን አዙሮ ቢያልፍ፣ አሥረኛው ሌሎቹን ያስረሳል።

ከዚያ በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባና ፈረንጅ ጠፋ። እሱ ሳያልቅ ጦርነቱ ተከተለ። የስኪነር ሣጥን ባዶውን ቆመ። ልጆቹስ ተዉት? በገና ሰሞን ከቤተ ማርያም ወጥቼ ስወርድ አንዱ አጠገቤ መጣ። አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው።

"ጋሼ፣ ከየት ነዎት?" አለኝ፤ ያውም በአማርኛ።

"ከዚሁ ነኝ" አልኩት፣ በዚህ የሚገላገለኝ መስሎኝ።

ትንሽ አሰበ። "የእርስዎ ዋና ከተማማ ድሮ እዚሁ ነበረች፤ አሁን ወደ አዲስ አበባ ሄዳለች" አለና ኪሴን አየ።

ከተማችን ሮሃ በተባለችበት ዘመን የዛጔ መናገሻ እንደነበረች ሳይረሳ፣ መንግሥት ሲዘዋወር ሳይረሳ፣ ደንበኛው ሲለወጥ ቋንቋውን ለውጦ። ሰጠሁት። ምን አደርጋለሁ?

ከልጆቹ ቀጥሎ የማደንቃት በቅሎ ናት። ላሊበላ ራሷ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ አሸተን ማርያም ደግሞ ከእሷም ብዙ ከፍ ብላ ገደል ላይ ተቀምጣለች። ለመሳለምም ለመጎብኘትም የሚወጣ እንግዳ በቅሎ ይከራያል። ባለቤቱ ከኋላ እየነዳ፣ እኔ ከጎን እየተነፋፈስኩ፣ አንዲት ፈረንጅ በቅሎ ላይ ሆና የወጣንበት ቀን ነበር። በቅሎዋ ግድግዳውን ጥላ የገደሉን አፋፍ ይዛ ትሄዳለች፤ ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና አምላኳን ትጠራለች። ሸለቆው ወለል ብሎ የሚታይበት አንድ ጥምዝ ጋ ስንደርስ በቅሎዋ ማንም ሳይነግራት ቆመች፤ ጎኗን ወደ እኛ ሰጠች፤ አንገቷን ቀና አደረገች። ካሜራው ጠቅ ሲል መንገዷን ቀጠለች።

"አስተምረዋት ነው?" አልኩ ባለቤቱን።

"እኔ ምን አስተምራታለሁ ጌታው! እነሱ ናቸው ያለመዷት። እዚህ ሁሉም ይወርዳል፣ እሷም ታርፋለች።"

"ገበሬ ሲቀመጥባትስ ትቆማለች?"

"ኧረ ወዲያ! ጀርባዋ ላይ ያለው ማን እንደሆነ እኮ ታውቃለች። የእኛን ሰው ይዛ ከቆመች አርጩሜ ነው የሚያገኛት።"

ጀርባ ላይ ማን እንደተቀመጠ ማወቅን አትናቁት። የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ገደማ በርሊን ውስጥ ሐንስ የሚባል ፈረስ ሒሳብ ይሠራል ተብሎ ጉድ ተባለ። ሦስትና አራት ስንት ነው ሲሉት ኮቴውን ሰባት ጊዜ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ1904 ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። ኋላ ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ምስጢሩን አገኘው። ፈረሱ መደመር አያውቅም፤ ሰው ያውቃል። ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው ጭንቅላቱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል፤ ሐንስ ያንን አይቶ ያቆማል። መልሱን የማያውቅ ሰው ሲጠይቀው ፈረሱም ደነቆረ።

እኔ ይህን ሳነብ አልተገረምኩም፤ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሁሉ አይገረምም። ፊደሉን ሳንለይ በፊት የለየነው የየኔታን ቅንድብ ነው። ስንጣችን "ሀ" ላይ ሆኖ "ለ" ያልን እንደሆነ ግራ ቅንድባቸው ትነሳለች፤ ወዲያው አፋችንን እናርማለን። ዓይናቸው የደከመ መምህር ቅንድባቸውም ይደክምና ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ማንበብ ያቅተዋል። አርጩሜው ያስተማረን ቢኖር አርጩሜው ከመድረሱ በፊት ቅንድብ ማንበብን ነው። እሱም ቢሆን ቀላል ሙያ አይደለም፤ መሥሪያ ቤት ስንገባ አለቃ ፊት በእሱ ነው የኖርነው።

የቆሎ ተማሪው ትምህርት ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ የሚፈትነው ውሻ ነዋ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ደጅ ለደጅ ይዞራል። ውሻ ደግሞ ደበሎ ሲያይ ያብዳል። በሁለት እግሩ የሚሄድ በግ አይቶ ዝም የሚል ውሻ ምኑን ውሻ ሆነ? ብልጡ ተማሪ ታዲያ ዘዴ ያገኛል፤ ውሻው እየጮኸ ሲመጣ ከአኩፋዳው ቁራሽ ይወረውርለታል። ውሻው ዝም ይልና ይበላል። ተማሪው ዛሬን ዳነ። ውሻውስ ምን ተማረ? መጮኽ እንጀራ እንደሚያስገኝ! በማግስቱ ከሩቅ ጀምሮ ይጮኻል፤ በሳልስቱ የጎረቤቱንም ውሻ ይዞ ይመጣል። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ሲባል ለታማኝነት የተነገረ ይመስለን ነበር። የቆሎ ተማሪ ግን ሌላ ትርጓሜ አለው። ልጅ ሲያለቅስ ከረሜላ የሚገዙ ወላጆችም የትርጓሜው ባለቤቶች ናቸው።

ከእንስሳ እንሻላለን የሚል ካለ መብራት ሲጠፋ ቤቱን ይየው። ላሊበላ ከጦርነቱ በኋላ ለወራት ያለ መብራት ከረመች። ምሽት ቤት ስንገባ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነበር? ወደ ማብሪያው። እንደሌለ እያወቅን፣ ሻማ በሌላ እጃችን ይዘን፣ ቀጭ እናደርገዋለን። ጭንቅላት ዜናውን ሰምቷል፤ እጅ ግን ገና አልሰማም። ኔትወርክ የጠፋ ቀንማ ሌላ ትርኢት ነው። አንዱ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ይወጣል፣ ሦስተኛው ባትሪውን አውጥቶ እፍ ይለዋል። ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ ርግቦች አንድ ነገር ጽፏል። ምንም ይሥሩ ምን እህሉ በሰዓቱ ቢወርድላቸውም፣ እያንዳንዷ ርግብ እህሉ ሲወርድ እያደረገች የነበረውን እንደ ሥርዓት ያዘችው። አንዷ ትሽከረከራለች፣ አንዷ አንገቷን ትወዘውዛለች። እህሉን ያመጣው የእሷ መሽከርከር ነዋ! ድንጋይ ላይ ወጥቶ ኔትወርክ የመጣለት ሰውዬም እስከ ዛሬ ያንን ድንጋይ ሲያይ ይወጣዋል። ቴሌ አያውቀውም፣ ድንጋዩም አያውቀውም።

ሁሉን በራስ ላይ ሞክሮ መማር ግን ዕድሜ ይጨርሳል። ወይፈን ሲገራ ካረጀ በሬ ጋር የሚጠመደው ለዚህ ነው። ገበሬው በጅራፉና በጩኸቱ ከሚያስረዳው ይልቅ አንድ ቀንበር የተሸከመው ሽማግሌ በሬ ትልም ማለት ምን እንደሆነ በትከሻው ይነግረዋል። ጎረቤት መምህር ነው። ምን እንደሚያስተምር ግን መምረጥ አይቻልም፤ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደመጣች ሁላችንም እናውቃለን።

ተቻችሎ መማርም አለ። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መሀል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ አያባርሩትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የቪቬክ ቬንካታራማንና የባልደረቦቹ ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮው በጭላዳ መሀል ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። አንድ ቀበሮ ብቻ ግልገል ሲያነሳ ታይቶ ነበር። ጭላዳዎቹ ተንጋግተው አስጣሉት፤ ከዚያም አባረሩት፤ መመለስም ከለከሉት። ሽማግሌ አልተላከ፣ ካሳ አልተቆረጠ፣ ችሎት አልተቀጠረ። ፍርዱ እዚያው፣ ወዲያው፣ በሁሉም ፊት ነበር።

የእኛው አቡነ ዮሴፍ ላይም፣ ከ4,200 ሜትር በላይ በሚያልፈው ተራራ፣ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አለ። ወደዚያ የወጣሁ ጊዜ ከአንድ ገብስ አራሽ ጋር ተጫወትን። ማሳቸው ገደል ይዞ ይሄዳል፤ ጭላዳ ደግሞ አዳሩ ገደል ነው። ወንጭፍ የያዘ እረኛ ልጃቸው አጠገባችን ተኝቷል።

"ወንጭፉን ይፈሩታል አባባ?" አልኳቸው።

"ድሮ ድምፁን ይፈሩ ነበር። ቀጥሎ ድንጋዩን ካልሆነ አንፈራም አሉ። አሁን የልጁን እጅ እያዩ ነው የሚሸሹት፤ ሲተኛም ያውቁታል።"

"ታዲያ እንዴት አደረጉ?"

"ጥሩውን ዘር ወደ ቤቱ አስጠግቼ ነው የምዘራው። ልጁም ቢተኛ ውሻው አለ።"

ዞር ብዬ ወደ ገደሉ አየሁ። ከአፋፉ ጥግ ጥግ፣ ልቃሚ በሚመስል ዘር የተዘራ አንድ ቀጭን የገብስ መደዳ ተዘርግቷል፤ ጭላዳዎቹ እዚያ ላይ ቁጢጥ ብለው ያለ ችኮላ ይሸመጥጣሉ።

"ያኛውስ የማን ነው?"

"የእነሱ ነው" አሉ ሰውዬው ዱላቸውን ተደግፈው። "በየዓመቱ እዘራላቸዋለሁ። ያልዘራሁ ዓመት ቤቴ ድረስ መጥተው አሳይተውኛል።"